ዳኘውና የአባቴ ብስክሌቶች

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ከሥራ ወጥቼ በሐይቁ ዳር መንገድ ወደ ቤት ስሄድ የማስቲሽ ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከዘንባባዎቹ ሥር አንድ ጎረምሳ የባጃጅ ጎማ ፈትቶ፣ የተበሳውን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት እየፈቀፈቀ ማስቲሽ ይቀባ ነበር። ሳላስበው ቆምሁ። ያ ሽታ ከጣና በኩል ከሚመጣው የእርጥብ ደንገልና የዓሣ ሽታ ጋር ሲቀላቀል ከኔ ልጅነት በቀር ሌላ ነገር አይመስለኝም። ጎረምሳው ቀና ብሎ «እህቴ፣ የፈለግሽው ነገር አለ?» አለኝ። «የለም» ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ። ቤት እስክደርስ ግን ሳስብ የሄድሁት ዳኘውን ነበር።

ባሕር ዳር ባጃጅ ሳይሞላት የብስክሌት ከተማ ነበረች። ጠዋት ተማሪው፣ አስተማሪው፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ ሴቱም ወንዱም በብስክሌት ነበር የሚወጣው፤ አስፋልቱ በደወል ድምፅ ይንጫጫ ነበር። አባቴ ሰዒድ ከወደቡ ብዙም በማትርቅ የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ብስክሌት ይጠግናል፣ ያከራያል። የሱቋ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ካቴና፣ ፔዳልና ያረጀ ጎማ ተሰቅሎበት አንድ ቦታ ብቻ ባዶ ነበረች፤ እዚያ መንዙማ የሚያጫውትባት ቴፑ ትቀመጣለች። ቴፒቱ ካሴት መብላት ስለምትወድ አባቴ አጠገቧ ሁልጊዜ አንድ እርሳስ ያስቀምጥላት ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ መጀመሪያ ወደዚያ ነበር የምሄደው። ቅባት የነካውን ጨርቅ ማሽተት እወድ ነበር።

ዳኘው ከቁንዝላ ከእናቱ ጋር የመጣው አባቱ ሌላ ሚስት አግብቶ ስለተዋቸው ነው። እናቱን እትዬ እታለማሁ እንላት ነበር። ከሱቃችን ጀርባ ካለው ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይታ፣ ወደቡ ላይ ዓሣ እየበለተች ለምግብ ቤቶች ትሸጣለች። የቱንም ያህል ብትታጠብ ክንዷ ላይ የቀረሶ ዓሣ ቅርፊት ሲያብለጨልጭ ይታይ ነበር። ልጇ ደግሞ ረዥም፣ ቀጭን፣ ቁመቱ ዕድሜውን ጥሎ የሄደ ነበር። ከኔ ጋር እኩያ መሆኑን የማያውቅ ሁሉ ትልቅ ሰው ያደርገዋል። ይህ ቁመት በኋላ ጎዳው።

መጀመሪያ ያየሁት በሱቁ በር ላይ ቆሞ ነው። ከማል የሚባለው የአባቴ ረዳት የተጣመመ ቸርኬ ለማቃናት ይታገላል። ጎማውን አሽከርክሮ ያያል፤ ይወዛወዝበታል፤ አንዱን ሽቦ ያጠብቃል፤ እንደገና ሲያሽከረክረው ይብስበታል።

«እሱ አይደለም የላላው» አለ ልጁ ከበሩ ላይ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?» አለው ከማል።

ዳኘው መልስ ሳይሰጥ ገብቶ ተንበረከከ። የጎማውን ሽቦዎች እንደ ክራር አንድ በአንድ እየነካካ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ። አንዲቱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ወፈር አለ። «ይችን አጥብቃት። ሌሎቹ የሷን ሸክም ይዘው ነው የተጣመሙት» አለ። ከማል እየሣቀ አጠበቃት። ጎማው ቀጥ ብሎ ዞረ።

አባቴ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም አላስተማረኝም። ደህናውን ጎማ ሲነኩት ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። ይሄ ግን የተለያየ ነው።»

የዚያን ቀን ማታ አባቴ ራት ላይ ሌላ ወሬ አላወራም። ለእናቴ ደጋግሞ «አንድ ነገር የሚሆን ልጅ ነው፤ ወላሂ አንድ ነገር ይሆናል» ይላት ነበር።

ትምህርት ቤት ግን ሌላ ነበር። ዳኘው ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ ስለመጣ፣ ደብተሩም በሥርዓት ያልተጻፈ ስለነበር፣ ከሁሉም ኋላ አስቀመጡት። በአንድ ወንበር አራት ሆነን በምንቀመጥበት ክፍል እሱ ጉልበቱ ጠረጴዛውን እያነሣበት ተጣጥፎ ይቀመጣል። የሒሳብ አስተማሪያችን ጥያቄ ጽፎ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ ዳኘው መልሱን ይናገራል። መጀመሪያ ሣቅን። ከዚያ አስተማሪው «ከየት ገለበጥኸው?» ማለት ጀመረ። አንድ ቀን አስተማሪው ራሱ ሰሌዳው ላይ ተሳሳተና ዳኘው እጁን ሳያወጣ «ቲቸር፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ነው የሳቱት» አለ። አስተማሪው ሦስተኛውን መስመር አየ፤ ስህተቱንም አየው። ጆሮው ቀላ። በዳስተር አጠፋውና «ውጣ። ረባሽ! ለነገሩ አንተ ምን ይገባሃል» አለው።

ዳኘው ወጣ። ከዚያ በኋላ መውጣቱን ለመደው። የተባረሩት፣ ያረፈዱትና ትምህርት የጠሉት ልጆች ሁሉ ከአጥሩ ጀርባ ነበር የሚሰበሰቡት፤ እሱም ከነሱ ጋር ዋለ።

ከአጥሩ ጀርባ ሲሰለቸው ደግሞ ወደ አባቴ ሱቅ ይመጣል። አባቴ የልጁን ችሎታ ስለሚያውቅ ደስ የሚለው ይመስል ይሆናል። አልነበረም። አባቴ ልጅ ሆኖ ወረታ ላይ አባቱን በንግድ ለመርዳት ብሎ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነው፤ ይህ ነገር እስከ ዕድሜው መጨረሻ ይቆጨው ነበር። ስለዚህ ዳኘውን በትምህርት ሰዓት በሩ ላይ ሲያየው ይቆጣል።

«ይህን ጭንቅላት ቅባት ልትቀባው ነው? ሂድ! ሚኒስትሪ ሳታልፍ እዚህ በር ላይ እንዳላይህ።»

«ጋሽ ሰዒድ፣ ትንሽ ልይና ልሂድ?»

«ሂድ ብያለሁ።»

ለልጁ ብሎ ነው። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ ዳኘውም የሚያውቅ ይመስለኛል። ግን ትምህርት ቤቱ አስወጣው፣ ሱቁም አላስገባው አለ፤ ያ ሁሉ የሚፈላ አእምሮ የሚያርፍበት ቦታ አጣ።

የዚያኑ ዓመት ክረምት በአባቴ ብስክሌቶች ላይ አንድ የማይገባ ነገር መታየት ጀመረ። አልተሰረቁም፤ ሁሉም በቦታቸው ናቸው። ግን ደህና የነበረው ፍሬን በድንገት ያረጃል። አዲስ የተገጠመ ፔዳል ሳምንት ሳይሞላው ይንቋቋል። ዲናሞው መብራት ያንሰዋል። ዕቃው በሌላ፣ ባረጀ ዕቃ እየተቀየረ እንደሆነ አባቴ ለማወቅ ጊዜ ወሰደበት። ካወቀ በኋላም ያን ሁሉ በጥንቃቄ ፈትቶ የሚገጥም ሰው ከረዳቱ በቀር ሊመጣለት አልቻለም።

ከማልን ጠርቶ ጠየቀው። እኔ ከሱቁ ጥግ የጎማ ክምር ላይ ተቀምጬ ነበር። ከማል መጀመሪያ የቀልድ መሰለው። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ጋሽ ሰዒድ፣ እኔን?» አለ። የሥራ ልብሱን አውልቆ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠና ወጣ። አባቴ አልጠራውም። ከሳምንታት በኋላ ከማል ወደ አዲስ አበባ ሄደ ሲባል ሰማን።

መስከረም ላይ ዳኘው በብስክሌት ሲሄድ ታየ። ቀይ ቀለም የተቀባች፣ መሪዋ ዝቅ ያለ፣ የምትበር ብስክሌት ነበረች። የሰፈሩ ልጆች ተከትለዋት ይሮጣሉ። ዳኘው ወደ ሌላ ሰፈር አልወሰዳትም፣ አልደበቃትም። ቀጥ ብሎ ወደ አባቴ ሱቅ አመጣት። ዛሬ ድረስ የማልረሳው ይህን ነው። ፊቱ ላይ ፍርሃት አልነበረም፤ ሥዕል ሥሎ ለእናቱ ሊያሳይ እንደመጣ ልጅ ያበራ ነበር።

አባቴ ገልብጦ አቆማት። ጎማውን አሽከረከረ። ድምፅ የላትም። እንደገና አሽከረከረና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጎማው በራሱ እስኪቆም ቆሞ ጠበቀ። ብዙ ቆየ።

«ማን ሠራት?»

«እኔ።»

«ብቻህን?»

«ብቻዬን።»

«አላህ ይባርክህ» አለ አባቴ፤ እውነቱን ነበር። ከዚያ ኮርቻዋን ለማስተካከል እጁን ከሥሩ ሰደደ፤ እጁም እዚያው ቀረ። የተቀደደ ኮርቻ ሁሉ የምትሰፋው እናቴ ነበረች። በአሮጌ የአበባ ቀሚሷ ጨርቅ ከሥር ደርባ የሰፋችውን አባቴ በእጁ ዳበሰው፤ ጎንበስ ብሎም አየው። ከዚያ ፍሬኑን፣ ከዚያ ፔዳሉን፣ ከዚያ ዲናሞውን አየ። ቀስ እያለ የራሱን ዕቃ አንድ በአንድ አወቀው።

«ለምን ዳኘው?» አለ በለሆሳስ።

ዳኘው ጥያቄው የገባው አልመሰለኝም። እንደ ሥራ ጥያቄ ቆጥሮ ነው የመለሰው። «ጋሽ ሰዒድ፣ ደህና ደህናው ዕቃ በሁሉም ላይ ተበታትኖ ነበር። ሁሉም ግማሽ ግማሽ ናቸው። አንድም ሙሉ አልነበረም። አንድ ሙሉ ልሥራ ብዬ ነው።»

አባቴ ሊሥቅ ምንም አልቀረውም ነበር። አፉ ጫፍ ላይ ሣቁ ሲመጣ አይቻለሁ። ወዲያው ግን ዓይኑ የከማል የሥራ ልብስ የነበረበት ወንበር ላይ አረፈ።

«ከማልስ?»

ዳኘው የጎማውን ሽቦ በጣቱ ነካ አደረገ።

«ከማል በዚህ ምክንያት ሄደ። በኔ አፍ ሌባ ተብሎ ሄደ። ይህን ሁሉ ስታስብ እሱን አላሰብኸውም?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። «እሱን አላሰብሁትም» አለ። ዋሽቶ አልነበረም። እውነትም አላሰበውም።

አባቴን ያናደደው ይህ መልስ ይመስለኛል። ወይም ለከማል ያደረገውን ራሱን ይቅር ማለት አቃተው፤ ንዴቱም ወደ ቅርቡ ሰው ሄደ። ዳኘውን ክንዱን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደው። እናቴ ከኋላ እየተከተለች «ኧረ ልጅ ነው፣ ተው» ብትለው «አንድ ቀን ይደርና ይማር። ነገ ራሴ አወጣዋለሁ» አላት።

እትዬ እታለማሁ ወሬውን ሰምታ ከወደቡ ስትሮጥ መጣች። ዓሣ የምትበልትበት ቢላዋ እጇ ላይ ነበር፤ አልታወቃትም። አባቴ እግር ላይ ልትወድቅ ስትል ይዞ አነሣት። «አይዞሽ፣ እታለማሁ። ልጁን እንደ ልጄ ነው የማየው። ነገ በጠዋት አመጣልሻለሁ» ብሎ ቃል ገባላት።

በማግስቱ ጠዋት ሲሄድ መዝገብ ተከፍቷል፣ ዳኘውም ቃሉን ሰጥቷል። ማታ ማታ ከግቢው በኩል ቆርቆሮ ፈትቶ ሱቁ እየገባ ዕቃውን እንደቀየረ፣ በተጣለ አሮጌ ፍሬም ላይም እንደገጠመው፣ ሁሉንም ተናግሯል፤ መደበቅ እንዳለበትም የነገረው የለም። ዕድሜውን የሚያስረዳ ወረቀት ከቁንዝላ አልመጣም። ቁመቱን አዩና ትልቅ ነው ብለው ጻፉት። አባቴ «ክሴን ትቻለሁ፣ ልጁ ሕፃን ነው» ብሎ ሲለምን አንዱ ፖሊስ አዘነለትና ሊያጽናናው ሞከረ። «ጋሼ፣ አይልፉ። እንዲህ ዓይነቶቹ ጭንቅላት የላቸውም። ቢኖራቸው ይማሩ ነበር።»

አባቴ «ጭንቅላቱ ነው እዚህ ያደረሰው» አለ። ፖሊሱ አልገባውም።

ዳኘው ከትልልቆች ጋር ታስሮ ከረመ። አባቴ ሥራውን ለወንድሙ ትቶ ከቢሮ ቢሮ ይመላለስ ነበር። ዘጌ ያሉ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ ተለመኑ። እናቱ ምግብ ስትወስድለት አንዳንዴ አብሬያት እሄዳለሁ። ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ ያየን ነበር። መጀመሪያ መጀመሪያ ያለቅሳል። በኋላ ማልቀሱን ተወ። ከዚያ በኋላ ደግሞ አጠገቡ ሁልጊዜ አንድ ጥርሱ ወርቅ የሆነ ሰውዬ መታየት ጀመረ፤ ሲያወራ ዳኘው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ይሰማዋል፤ የጎማውን ሽቦ ሲያዳምጥ እንደነበረው።

ምንም ነገር ፊቱ ቢያስቀምጡለት ቶሎ ይማር ነበር። ትምህርት ቤቱ ምንም አላስቀመጠለትም። እዚያ ውስጥ ግን አስተማሪ ሞልቶ ነበር።

ሲፈታ አባቴ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ጠበቀው። አዲስ የሥራ ልብስ ገዝቶለት ነበር። «ና፣ ከኔ ጋር ሥራ። ትምህርቱንም በማታው ትቀጥላለህ። አጥፍቻለሁ፣ ልጄ» አለው። አባቴ ለልጅ አጥፍቻለሁ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ዳኘው በትሕትና ሰማው። ድምፁ ጎርንኖ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሽ ሰዒድ። አሁን ሌላ ሥራ ተምሬያለሁ» አለ። ቂም አልነበረበትም፤ እውነቱን ነበር የነገረው። ከመንገዱ ማዶ ወርቅ ጥርሱ ሰውዬ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር።

ከዚያ በኋላ በከተማው ሞተር ሲጠፋ፣ የመኪና ቴፕ መስታወት ሳይሰበር ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ የዳኘውን ስም ይጠራል፤ ማንም ግን አይዘውም። በሩ ላይ ጭረት አይገኝም። የሰፈሩ ወላጆች ልጆቻቸውን «እንደ ዳኘው ደደብ እንዳትሆን» ብለው ይመክሩ ነበር። እኔ ይህን ስሰማ ከሁሉም በላይ የሚያመኝ ውሸቱ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ በደንብ አወራን። ለማትሪክ እየተዘጋጀሁ ሐይቁ ዳር ድንጋይ ላይ ፊዚክስ አነብባለሁ። ፀሐይዋ ወደ ውኃው ወርዳ የዓሣ አጥማጆቹ ታንኳዎች ጥቁር ሆነው ይታያሉ። ዳኘው መጥቶ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ። ጥሩ ጫማ አድርጎ ነበር።

«ዘሃራ፣ ምንድን ነው የምታነቢው?»

«ስለ ሞገድ ነው። አልገባኝም።»

መጽሐፉን ሰጠሁት። ገጹን ቀስ ብሎ አነበበ፤ ማንበብ ትንሽ ይከብደው ነበር። ወደ ኋላ ገልጦ ሌላ ገጽ አየ። ከዚያ ጠጠር አንሥቶ ውኃው ላይ ወረወረና እየተስፋፉ የሚሄዱትን ክቦች በጣቱ እያሳየ ሁሉንም አስረዳኝ። አስተማሪዬ ካስረዳኝ በተሻለ ገባኝ። ሲጨርስ መጽሐፉን ዘጋው፤ ወዲያው ግን አልመለሰልኝም። ሽፋኑን በመዳፉ ይዳብስ ነበር።

«ይህን ነው የምትማሩት?»

«አዎ።»

«ደስ ይላል» አለ። ድምፁ ውስጥ የነበረውን ነገር ዛሬም በቃል ልገልጸው አልችልም። «ደስ የሚል ነገር መሆኑን ማንም አልነገረኝም ነበር።»

«አሁንም እኮ መማር ትችላለህ» አልሁት። ከልቤ ነበር። ፈገግ አለና መጽሐፉን ሰጥቶኝ ተነሣ።

በዚያው ዓመት በመተማ መንገድ አንድ የተሰረቀ መኪና ጠመዝማዛ ላይ ተገለበጠ ተባለ። ሾፌሩ ዳኘው ነበር። እናቱ አስከሬኑን ይዛ ወደ ቁንዝላ ተመለሰች፤ እዚያው ቀበረችው፤ እዚያው ቀረች።

አባቴ ለቅሶ ለመድረስ በጀልባ ሄደ። እኔም አብሬው ነበርሁ። ድንኳን ውስጥ ገብቶ ከቀዬው ሰዎች ኋላ ተቀመጠ፤ አንገቱን ሊያነሣ አልቻለም። እትዬ እታለማሁ ራሷ ተነሥታ መጣችና አጠገቡ ተቀመጠች። «ጋሽ ሰዒድ፣ ልጄ ስለርስዎ ክፉ ሲያነሣ ሰምቼው አላውቅም» አለችው። ልታጽናናው ነበር። አባቴ ግን ከዚያች ቃል በኋላ መንገዱን ሁሉ ሲያለቅስ መጣ። ልጁ ረግሞት ቢሆን ይቀለው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ልጅ ወደ ፖሊስ ወስዶ አያውቅም። ከሱቁ ደወል የፈታ፣ ፓምፕ ይዞ የሮጠ ልጅ ሲያዝ የሰፈሩ ሰው «ይቀጣ» እያለ ይመጣል። አባቴ ልጁን አስገብቶ በሩን ይዘጋና ወንበር ላይ ያስቀምጠዋል። ለምን ሰረቅህ ብሎ አይጠይቅም። «እንዴት አድርገህ ፈታኸው? አሳየኝ» ይለዋል። ልጁም ያሳየዋል። ከዚያ «ጎበዝ። ስትፈታው ማንን አሰብህ?» ይለዋል። በዚህች ጥያቄ ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ። አባቴም አብሯቸው ዝም ይላል። በማግስቱ መፍቻ አስይዞ ከጎኑ ያስቀምጣቸው ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ትምህርት ቤት የሚማረውን ጠዋት፣ ጠዋት የሚማረውን ከሰዓት በኋላ። ሚኒስትሪ ማለፍ አለማለፍ አያነሣም ነበር።

አባቴ ያረፈ ጊዜ ከቀብር መልስ ግቢያችን ውስጥ ሦስት የማላውቃቸው ጎልማሶች ወንበር ሲያመላልሱ፣ ውኃ ሲቀዱ ዋሉ። አንዱ መርዓዊ አካባቢ፣ ቆጋ መስኖ ላይ የውኃ ፓምፕ ጠጋኝ ነው። አንዱ የጀልባ ሞተር ይሠራል። ሦስተኛው የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ሁሉም ከአባቴ ሱቅ አንድ ነገር ሰርቀው የተያዙ ልጆች ነበሩ። አመሻሽ ላይ ስለ ዳኘው ነገርኋቸው። አባቴ ስሙን አንሥቶላቸው አያውቅም። አስተማሪው «የት ነው የተቀበረው?» አለኝ።

አብረን ወደ ቁንዝላ ሄድን። እትዬ እታለማሁ አርጅታ፣ ዓይኗ ደክሞ፣ ከቤቷ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። በድምፄ አወቀችኝ። ሦስቱ ጎንበስ ብለው ጉልበቷን ሳሙ። እነማን እንደሆኑ፣ አባቴም ያደረገላቸውን ነገርኋት።

«ሁሉም ሰርቀው ነበር?» አለች።

«አዎ፣ እትዬ።»

«አልታሰሩም?»

«አልታሰሩም።»

ፊቷን ወደ ሐይቁ መለሰች።

«ደግ» አለች በመጨረሻ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣችና እጃቸውን የሚታጠቡበት ውኃ ልታመጣላቸው ገባች።